የሀኒያ ሳል

ሞጣ፣ ማክሰኞ ታኅሣሥ 15 ቀን 2017 ዓ.ም.

ዘሚራዬ፣ የሆዴ በኩር፣ አሰላሙ ዐለይኪ፤

ልጅሽ ደህና ናት። ሰላምታዬን ሳልጨርስ ይህን የጻፍኩት ወረቀቱን እንደገለጥሽ ዓይንሽ እሱን ፍለጋ እንዳይሮጥ ብዬ ነው። ሀኒያ ደህና ናት፤ አሁን ጀርባዬን ተደግፋ የአባትሽን ካልሲ እጇ ላይ አጥልቃ ከካልሲው ጋር ታወራለች። አባትሽም ከእግሩ በቀር ደህና ነው። እግሩም ቢሆን ቁስሉ እየጠገገ ነው፤ ስኳሩን የለካችለት ነርስ "ወርዷል" ብትለው ያንኑ ቀን ሻዩ ላይ ሁለት ማንኪያ ሊጨምር ሲል እጁን ያዝኩት። ሳሊህን ታውቂው የለ፤ ምሥራች የሚሰማው ለመበላሸት ነው።

አንቺስ ልጄ? አማቼ አብዱልሐኪም ከደጀን ተመለሰ? ሆስፒታላችሁ ጓንት አለው? ተረኛ ሆነሽ ስትወጪ ማን ይሸኝሻል? ስልኩ ቢሠራ ይህን ሁሉ በአንድ ትንፋሽ ጠይቄሽ፣ አንቺም "እማ፣ ቀስ በይ" ብለሽኝ፣ ስቀን እንዘጋው ነበር። ኔትወርኩ ከጠፋ ወዲህ ግን ጥያቄዎቼ ውስጤ ተከማችተው እንደ በቆሎ እሸት ጥርስ አብቅለዋል። ያንቺ ቢቸና ማለት እኮ ጠዋት ተነስተው ምሳ የሚበሉበት አገር ነበር። ዛሬ ስለ ቢቸና የሚያወራ ሰው ሳገኝ ከጅዳ የመጣ ይመስል ከብቤ እጠይቀዋለሁ።

እንደተቆጣሽ አውቃለሁ። ባለፈው ሳምንት ሾፌሩ ፋንታ አይሱዙውን በርሽ ላይ አቁሞ ብቻውን ሲወርድ ፊትሽ ምን እንደሆነ የወለድኩሽ ነኝና ከዚህ ሆኜ አይቼዋለሁ። ልጅሽን ስጡት ብለሽ ልከሽው ነበር። እኔ ነኝ የመለስኩት። "ልጅቱ ትስላለች፤ በዚህ ብርድ መንገድ አትችልም፤ ለእናቷ እንዲህ በልልኝ" አልኩት። እሁድ ወደ ባሕር ዳር ሲያልፍ መልስሽን አመጣልኝ፦ "ሳሏን እኔ አክማታለሁ፤ ሐሙስ ስትመለስ ይዘሃት ና።" ይህንኑ ከመኪናው ሳይወርድ፣ ሞተሩን ሳያጠፋ፣ የሠፈሩ ሰው ሁሉ እየሰማ ነው የነገረኝ። ሐሙስ ከነገ ወዲያ ነው። ሚስቱ ሰገነት አብራው ስላለች ከሾፌሩ ጎን የሚቀረው ለአንድ ልጅ የሚሆን ቦታ ብቻ ነው። እኔ ልከተላት ብል እንኳ አባትሽን ከነእግሩ ለማን ጥዬ?

እንግዲህ ለምን እንደማልሰጠው ላስረዳሽ ነው ብዕር ያነሳሁት። ተቀምጠሽ አንብቢው።

አንደኛ መንገዱ። አንቺ የምታውቂው መንገድ አይደለም። ጉንደ ወይን ላይ መኪና ተሰልፎ ያድራል ይሉኛል፤ ሌላው ደግሞ የለም ትናንት በሰላም አለፍን ይለኛል። የትኛውን ልመን? ያለፈውም የቀረውም እኩል ይምላል። ከሩቅ የሆነ ድምፅ የምንሰማበት ቀን አለ፤ አባትሽ ለሀኒያ "ነጎድጓድ ነው" ይላታል። በታኅሣሥ ነጎድጓድ የለም። ልጅቱም ታውቃለች፤ ግን አባባ እንዳያፍር ብላ ዝም ትላለች። ሰባት ዓመት ያልሞላት ልጅ ሽማግሌ ስትሸፍን ማየት እንዴት እንደሚያደርግ አትጠይቂኝ።

ሁለተኛ ብርዱ። ዘንድሮ ከጮቄ የሚወርደው ነፋስ ዓይን የለውም። ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጩ ጨው የተነሰነሰ ይመስላል።

ግን ደግሞ እውነቱን ልንገርሽና፣ እንዲህ ያለ ደስ የሚል ብርድ በዕድሜዬ አላየሁም።

ነሐሴ ላይ ለሁለት ሳምንት ብለሽ ስታመጫት ልጅሽ ከስልክ ውጭ ጨዋታ አታውቅም ነበር። ስልኩ ሲሞት እንደ ሕፃን ሳይሆን እንደ ሥራ ፈት ሰው ቤቱን ስትዞር ከረመች። መስከረም እንደጠባ ብርዱ ሲጀምር ጠዋት ጠዋት ፀሐይ ልናሞቃት ወደ ጓሮ በርጩማ አወጣንላት። እኔና እሷ አንድ ጋቢ ውስጥ እንገባለን፤ ያንን የሠርግሽን ጋቢ ነው የምልሽ፣ ጥለቱ አረንጓዴ የሆነውን። አባትሽ እግሩን ወንበር ላይ ሰቅሎ ከፊታችን ይቀመጣል። ለካ ጓሮአችን ሰው ይኖርበት ኖሯል! ሠላሳ ዓመት ልብስ ሳሰጣበት አንገቴን ቀና አድርጌ አላውቅም።

ያ አንገቱ ላይ ነጭ ያለው ትልቁ ቁራ አለ፤ የእትዬ ይርጋነሽን ሳሙና ሰርቆ የሚኖረው እሱ ነው። አስታውሺ እንግዲህ፣ ለሳሙናው ስንቱን የሠፈር ልጅ ስትጠረጥር ኖረች። ሀኒያ ናት እጅ ከፍንጅ የያዘችው። ይርጋነሽ ይቅርታ ልትጠይቃቸው ሲገባ "ቁራውንስ ማን አስተማረው?" ብላ ቁጭ። ማታ ማታ ደግሞ የጋጋኖ ወፎቹ ከሜዳው ሲመለሱ በጣሪያችን ላይ እየተሰዳደቡ ያልፋሉ፤ ሀኒያ "የገበያ ሴቶች መጡ" ትላለች። አበባ የምትጠባ አንዲት ጣት የማታክል ወፍም አለች፤ አባትሽ እሷን ሲያይ መቁጠሪያውን ያቆማል።

ከሁሉ የበለጠችው ግን እስስቷ ናት።

አትጩሂ። እኔ የጮህኩት ይበቃል። አጥሩ ላይ ካለው ግራዋ ውስጥ ሀኒያ አግኝታት "እማማ፣ ይቺ ቅጠል ዓይኗን አዞረችብኝ" አለችኝ። ብሄድ እስስት! ይርጋነሽ ጩኸቴን ሰምታ በአጥሩ ቀዳዳ ብቅ አለችና "እንዳትነኪያት፣ ይህቺ ከነከሰች አህያ ካላናፋ አትለቅም" አለቻት። ልጅሽ አልፈራችም። ትንሽ አስባ "እትዬ ይርጋነሽ፣ የእናንተ አህያ ቅርብ ነው ያለው?" አለቻት። እስከ ዛሬ ይርጋነሽ ይህን እያወራች ትስቃለች፤ ገበያም፣ ለቅሶ ቤትም፣ ሁሉም ጋ።

ስሟን ቀስታ አለቻት። አካሄዷን አይተሽ እንደሆነ፣ አንድ እግሯን ታነሳና ወደፊት ልትሄድ፣ ወደኋላ ልትመለስ፣ እንደገና ወደፊት፣ እዚያው ትወዛወዛለች። ቅጠል የሚያህል መንገድ ግማሽ ጠዋት ይፈጅባታል። ጠዋት ከብርዱ የተነሳ ጠቁራ፣ ደርቃ፣ የሞተ ቅጠል መስላ ትገኛለች፤ ፀሐይ ሲያገኛት ቀስ በቀስ አረንጓዴ እየሆነች ነፍስ ትዘራለች። ልጅሽ ይህን ለማየት ነው ያለቀስቃሽ የምትነሳው። "እማማ፣ ዛሬ ነቃች! እማማ፣ ዛሬ ዘገየች፤ በርዷት ነው!" እያለች። እኔም ሳላውቀው ጠዋት ዓይኔን ስገልጥ የማስበው እስስት ሆነ። አላህ ይይልሽ፤ በዚህ ዕድሜዬ።

እና ኅዳር አሥራ ሁለት መጣ።

ኅዳር ሲታጠን እንደምታውቂው ሞጣ ክርስቲያን እስላም የለውም። ሁሉም ግቢውን ጠርጎ፣ አጥሩን ከርክሞ፣ በጠዋት ያጨሳል። አባትሽ እንደ ልማዱ "በሽታው በአያቶቻችን ዘመን ሲገባ ሃይማኖት ጠይቆ አልገባም፤ እኛም ስናስወጣው አንጠይቅም" ብሎ መጥረቢያውን አነሳ። እግሩ ቢታመምም ይህን ሥራ ለሰው አይሰጥም። ጎሕ ሲቀድ አጥሩን ከረከመ፤ እርጥብ ግራዋ ጥሩ ይጨሳል ብሎ እሱን ከክምሩ ላይ ጨመረ። በአጥሩ ወዲያ መሪጌታ አካለ ወልድም የራሳቸውን እያቀጣጠሉ "ሳሊህ፣ ያንተ ጭስ ወደኔ እየመጣ ነው፣ ሊያሰልመኝ ነው?" ይላሉ፤ አባትሽም "ያንተስ ከጎሕ ጀምሮ ሲያጠምቀኝ አይደል!" ይላል። ሳቅ በሳቅ ሆነው ነበር።

ሀኒያ የነቃችው በሳቃቸው ነው። ባዶ እግሯን ወጥታ በቀጥታ ወደ ግራዋው ሄደች። ግራዋው ጉቶ ነበር። ወደ እሳቱ ዞር አለች። ከዚያ ወደ አባትሽ።

"አባባ፣ ቅጠሉን ስታነሳ የጠቆረ ቅጠል ነበረበት?" አለችው።

ልጅቱ እኮ እስስቷ በብርድ እንደምትጠቁር፣ ጠዋት የሞተ ቅጠል እንደምትመስል በየቀኑ ነግራዋለች። የለመደው ዓይን የሚያየውን ቅጠል አይቶ አነሳው፤ በቃ። መጥረቢያውን መሬት ላይ አስቀምጦ በባዶ እጁ እሳቱን ሊበትን ሲል መሪጌታ አጥሩን ጥሰው ገብተው ያዙት። ጭሱ ውስጥ ሦስቱም ቆመው ሲያስሉ ነው እኔ የደረስኩት።

ሳሉ የመጣው ያኔ ነው። ሐሰት አልተናገርኩም። ለአሥር ቀን ያህል እየሳለች ደረቷን በቅባት ስናሽ፣ ዝንጅብል ስሰጣት፣ አባትሽ ደጋግሞ ወደ መድኃኒት ቤት እግሩን እየጎተተ ሲመላለስ ነበር። እሷ ግን አላለቀሰችም። ይህ ነው ያስፈራኝ። ጓሮ መውጣት ተወች፤ በርጩማዋ ብቻውን ፀሐይ ሞቀ። አንድ ቀን ብቻ "እማማ፣ ሰው ሳያይ ነው እንዴ ነገር የሚጠፋው?" አለችኝ። ስለ እስስቷ ነው ብዬ "አዎ ልጄ" አልኳት። ቆይታ ቆይታ "እማዬስ እንደዚያ ጠፍታ ቢሆን?" አለች።

ከነሐሴ ወዲህ ስምሽን ስትጠራ የመጀመሪያዋ ነበር። እኔ ደግሞ ረሳችሽ ብዬ ነበር። እንዲያውም... ይተው።

ከዚያ በኋላ አባትሽ ዕረፍት አጣ። ሱቁን ለረዳቱ ለአብዱረህማን እየተወ ከሰዓት ይዟት ይወጣል። ከመናኸሪያው ጀርባ ማዘጋጃ ቤቱ አጥሮ "መናፈሻ" ያለውን ቦታ አላየሽውም፤ ሁለት አግዳሚ ወንበርና ሠላሳ የማይሞሉ ችግኞች ናቸው፤ አንዱ ወንበር ላይ ደግሞ የማዘጋጃ ቤቱ ዘበኛ ይተኛበታል። ልጅሽና አባትሽ ግን እዚያ ሄደው የመንግሥት ጉብኝት እንደሚያደርጉ ሰዎች ችግኙን ሁሉ እያገላበጡ እስስት ይፈልጋሉ። ሰው ይስቃል፤ አባትሽ "መርፌ ወድቆብኝ ነው" ይላል። ከዐስር ሶላት በኋላ በመስጊዱ ግቢ ለርግቦቹ ማሽላ ይበትናሉ። ርግቦቹ አባትሽን ለይተው ስለሚያውቁት ሌላ ሰው ማሽላ ይዞ ሲመጣ ይታዘቡታል። እንዲህ እንዲህ እያለች ሳቋ መለስ አለ። ለዚህ ነው፣ አሁን አሁን ነው ገና ልቧ የሞቀው፣ አሁን ብናንቀሳቅሳት...

እሷ ጠራችኝ። ነገ እጨርሰዋለሁ።

ረቡዕ፣ ታኅሣሥ 16

ዘሚራ፣ ትናንት የጻፍኩትን ዛሬ አነበብኩት። አባትሽም አነበበው፤ መነጽሩን ፍለጋ ቤቱን ካመሰ በኋላ። አንብቦ ሲጨርስ አጠፈውና "ሳሉ የት አለ?" አለኝ። የትኛው ሳል ስለው "ለፋንታ የነገርሽው" አለ። እኔም ብርዱ አልወጣላትም፣ ሌሊት ሌሊት ጉሮሮዋን ትጠራርጋለች፣ ደረቷ ውስጥ እንደ ድመት የሚል ነገር አለ ስለው ቆየሁ። እሱ ደግሞ ወደ ጓሮው አገጩን አነሳ። ልጅሽ ቁራውን እያሳደደች አጥር ለአጥር ትሮጣለች፤ ጩኸቷ ቢቸና ይሰማ ነበር።

"ልጅቱ ማሳል የተወችው ከመቼ ጀምሮ ነው" አለኝ፤ "አሁን የምትስይው አንቺ ነሽ።"

አኮረፍኩት። ለምሳ ቀዝቃዛ ሽሮ ሰጠሁት።

ከሰዓት በኋላ መሪጌታ አካለ ወልድ መጡ። ጾም ላይ ናቸው፤ ረቡዕም ነው፤ ከቅዳሴ በኋላ ትንሽ ቀማምሰው ሀኒያን ጉሬዛ ላሳያት ቃል ገብቼላት ነበር አሉ። አባትሽ ከእኔ ኩርፊያ ጉሬዛ ይሻለኛል ብሎ ከዘራውን አነሳ። እኔ ደግሞ ልጅቱን ለሁለት ሽማግሌ አልሰጥም ብዬ ጋቢዬን ተከናንቤ ተከተልኩ። ይርጋነሽ "እኔ ካልሄድኩ ማን ያወራዋል?" ብላ መጣች። እንዲህ ሆነን ነው ከከተማው ጫፍ ወዳለው የቤተ ክርስቲያን ደን የሄድነው፤ ከደኑ ዳር ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጥን።

ሌላው አገር ገላጣ ሆኖ ደኑ ብቻ ከነጥላው ቆሟል። ብርዱም እዚያ ሌላ ነው፤ እርጥብ ነው፤ የጽድ ሽታ አለው። መሪጌታ ጣታቸውን ወደ ላይ ሲቀስሩ ምንም አልታየኝም፤ ከዚያ ቅርንጫፉ ላይ ነጭ ጭራ ተንጠልጥሎ አየሁ፤ ከዚያ ሌላ፤ ከዚያ ዛፉ ሁሉ ጉሬዛ ነበር። ጥቁርና ነጭ ለብሰው፣ ረጋ ብለው፣ ቁልቁል ያዩናል።

"የእኛ ቄሶች ናቸው፤ እዩ ካባቸውን" አሉ መሪጌታ።

"የአንተ ቢሆኑማ በዚህ ጾም ሰዓት ቅጠል እየበሉ ባልተገኙ" አለ አባትሽ።

"ቅጠል የጾም ነው፣ አንተ።"

ሀኒያ አልሰማቻቸውም። አፏን ከፍታ የምታየው ሌላ ነበር። ከሁሉ ከፍ ያለ ቅርንጫፍ ላይ አንዲት ትልቅ ሴት ጉሬዛ፣ ፊቷ የተሸበሸበ፣ ጭራዋ የሳሳ፣ አንድ ነጭ ነገር ታቅፋ ተቀምጣለች። ጥጥ መስሎኝ ነበር። ግልገል ነው። ሲወለዱ ሙሉ ነጭ ናቸው፣ ኋላ ነው የሚጠቁሩት አሉን መሪጌታ። ሀኒያ እናቱ ናት ወይ ብላ ጠየቀቻቸው። አይደለችም፤ እናቱ ያቺ ከታች ቅጠል የምትበላዋ ናት፤ ሴቶቹ ግልገሉን እየተቀባበሉ ያቅፉላታል፣ እሷ እስክትበላ አሏት። ይርጋነሽ "ከእኛ ጎረቤቶች ይሻላሉ" አለች።

ትንሽ ቆይቶ ነፋሱ ተነሣ። ግልገሉ ጮኸ፤ ቀጭን ድምፅ ነው፣ በር ሲከፈት የሚሰማውን የመሰለ። እናቲቱ ቅጠሏን ጥላ ወጣችና እጇን ዘረጋች። አሮጊቷ ጀርባዋን ሰጠቻት። እናቲቱ በሌላ በኩል ዞረች። አሮጊቷም ዞረች፤ ግልገሉን ወደ ሆዷ ጨመቀችው። እናቲቱ መልሳ እጇን ዘረጋች። አሮጊቷም መልሳ ዞረችባት። መሪጌታና አባትሽ ይስቁ ነበር። እኔ አልሳቅሁም።

ሀኒያ እዚያው ጋቢው ውስጥ፣ ጉልበቴ መሃል ቆማ ነበር። አልጮኸችም። ሰው እንደምትመክር ቀስ ብላ ነው የተናገረችው፦

"ትስጣት እንጂ። በርዶታል እኮ።"

አባትሽ መሬት መሬቱን ያያል። ይርጋነሽ እንኳ፣ ይርጋነሽ ብዬሻለሁ፣ ነጠላዋን ታስተካክላለች። ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝና "እማማ፣ አሮጊቷ ክፉ ናት?" አለችኝ።

"አይደለችም" አልኳት፤ "ሆዷ ሞቋት ነው።"

ቀና ብዬ ሳይ ሰጥታታለች። እንዴት እንደሰጠቻት አላየሁም። ግልገሉ እናቱ ደረት ላይ ነው፤ አሮጊቷ ግን እጇ እንደተዘረጋ ቀርቷል፣ የሆነ ነገር እንደጣለ ሰው። ብዙ ጊዜ እንዲያ ቆየች።

ስንመለስ መንገድ ላይ ልጅሽ እጄን ይዛ አንድ ነገር ነገረችኝ። ፋንታ መጥቶ የመለስኩት ቀን ጫማዋን አድርጋ ከመጋረጃው ጀርባ ቆማ ነበር። ከቤት ያመጣቻትን ያቺን ቢጫ ቦርሳ ይዛ። እኔ ለፋንታ የምለውን ሁሉ ሰምታለች። ከዚያ ቦርሳዋን ቦታው መልሳ፣ ጫማዋን አውልቃ፣ መጥታ ጭኔ ላይ ተቀመጠች። ትዝ ይለኛል፤ መቅረቷ ደስ ብሏት ነው ብዬ ነበር።

"እማማ፣ ያን ቀን እኔ መቼ ሳልኩ?" አለችኝ። ተቆጥታ አይደለም። ማወቅ ፈልጋ ነው።

ማታ እራት ላይ አባትሽ እግሩን እየዘረጋ ፋንታ ቦታ እንዲይዝላት ልላክበት ወይ ብሎ ጠየቀኝ። እኔም መንገዱን፣ ጉንደ ወይንን፣ ሰገነት ልጅ አሳድጋ የማታውቅ መሆኗን፣ መኪናው አሮጌ መሆኑን ሁሉ ዘረዘርኩለት። ሰማኝ፤ አላቋረጠኝም። ስጨርስ "ዓሊማ፣ መንገዱ ያስፈራል። እኔም እፈራለሁ። ግን ፋንታ በዚህ ወር ስንት ጊዜ አለፈ? አንቺ የፈራሽው መንገዱን ብቻ ቢሆን አስቀራት ነበር" አለኝ።

እንግዲህ አንቺ ፍረጂ አልልሽም። ሩቅ ነሽ።

ሐሙስ ጠዋት

ዘሚራዬ፣ ቸኩያለሁ። አይሱዙው መናኸሪያው ጋ ደርሷል ብለው ላኩብኝ።

ሌሊቱን ነፋሱ ቀንሷል። ትናንት ማታ ከደጀን ተነስቶ ሞጣ የገባ ነጋዴ አባትሽን አግኝቶ መንገዱ ሰላም ነው ብሎታል፤ አስምሎታል አባትሽ፤ እኔም እንደገና አስምዬዋለሁ፤ ሰውየው ሰለቸውና ሄደ። ከዚህ ወዲያ ያለው የአላህ ነው።

ስሚኝ። ከመኪና ስትወርድ እግሯ ስለሚደነዝዝ ወዲያው አታስሩጫት። በሻንጣዋ ጎን ያለው ዳቦ ለመንገድ ነው፤ ለሰገነት አካፍያት ብያታለሁ፤ አንቺ ስትቀበያት ከተረፈ ሰገነትን አላካፈለችም ማለት ነው፣ ምከሪያት። ዝንጅብሉን አላኩም፤ አያስፈልጋትም። ጠዋት ጠዋት ቀድማሽ ትነሳለች፤ አትቆጫት፤ በርጩማ አውጪላትና ፀሐይ ሙቁ። ተረኛ ብትሆኚ እንኳ ከሥራ መልስ ትንሽ አብረሻት ተቀመጪ። አጥራችሁ ላይ ምን እንዳለ አላውቅም፤ አንቺም አታውቂም፣ አይተሽው አታውቂም፤ እሷ ታሳይሻለች። አጥሩን ማንም እንዳይከረክም ለአብዱልሐኪም ንገሪው። መቆረጥ ካለበትም ፀሐይ ከወጣ በኋላ፣ ቅጠሉ ሁሉ ነፍስ ከዘራ በኋላ ይሁን።

አባትሽ ዛሬ ጎሕ ሲቀድ ተነስቶ ጓሮ ነበር። ጉቶው አቆጥቁጧል፤ እሱን ሲያገላብጥ ነበር። ምንም አላገኘም። ልጅቱ ከኋላው መጥታ ከዘራውን ያዘችለትና "አባባ፣ በቃ፣ ሌላ አጥር ላይ ሄዳ ይሆናል፤ እሷ ቀስታ ስለሆነች ገና አልደረሰች ይሆናል" አለችው። ከዚያ ወዲህ ፊቱን እየታጠበ ነው። ረጅም ጊዜ ሆነው።

ጫማዋን ራሷ አድርጋለች። ቢጫ ቦርሳዋን ይዛ በሩ ላይ ቆማለች፤ መጋረጃው ጀርባ አይደለም። ይህን ወረቀት ሹራቧ ውስጥ እሰፋዋለሁ፤ ስለዚህ ይህን ስታነቢ እሷ አጠገብሽ ናት። ቀና ብለሽ እያት። ሳታያት አታንብቢ።

አላህ ከክፉ ዓይን፣ ከክፉ መንገድ፣ ከክፉ ወሬ ይጠብቃችሁ። በተኛችሁበት ሰላም፣ በተነሳችሁበት ፀሐይ ይስጣችሁ። ያዋለድሽው ሁሉ ይመርቅሽ፤ የሰው ልጅ ስታቅፊ የዋልሽበት እጅሽ በልጅሽ ይሙላ። ለአብዱልሐኪም ሰላም በይልኝ።

እናትሽ ዓሊማ

ስልክ ስለሌለ መድረሷን የማውቅበት ነገር ይኑረኝ። ፋንታ ሲመለስ የጠቀለልኩባትን ጋቢ ላኪልኝ፤ ጋቢው ደጄ ከደረሰ እሷም ደጅሽ ደርሳለች ማለት ነው። አንድ ነገር ብቻ ልለምንሽ። አንቺ ጽዳት ትወጃለሽ፤ አውቃለሁ። ጋቢውን ሳታጥቢ ላኪው።